አምስት ደቂቃ ያልተነካ መንገድ

…እና አሁንም የለም፣ መልስ የለም፣ የኮምፒውተሯ ጥቁር መስኮት ላይ በየሰከንዱ አንድ መስመር ይጨመራል፣ ጥያቄ ተልኳል መልስ የለም፣ ጥያቄ ተልኳል መልስ የለም፣ አስር ሺህ ሁለት መቶ ሦስት፣ አስር ሺህ ሁለት መቶ አራት፣ ወገቧ ሊቆረጥ ነው፣ ቁርስ አልቀመሰችም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ተተክላ አንዲት የብረት ሳጥን ትጣራለች፣ ሳጥኗ ወይ ፍንክች። ምን በድዬያት ነው። ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምታንገበግበኝ።

ሳጥኗ፣ መልእክት አስተላላፊዋ፣ ያለችው ሩቅ ነው፣ ከሆስፒታሉ ጋር ከተያያዙት አርባ ክሊኒኮች በመጨረሻው፣ ግድግዳ ላይ፣ በተቆለፈ የብረት ካዝና ውስጥ፣ ቁልፉ የጥገና ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ የጥገና ሠራተኛው መንገድ ላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ይቀረኛል ይላል፣ ከሁለት ሰዓት በፊትም ሁለት ሰዓት ይቀረኛል ብሎ ነበር። መብራት ቢያጠፉባት አትጠፋም፣ ሆዷ ውስጥ ባትሪ አለ፣ ባትሪ ይግባባት፣ ለአፍታም እንዳትጠፋ ብላ ስብሰባ ላይ ስትሟገት የዋለችው ማን ሆነችና፣ እሷው ራሷ። እሰይ የኔ ጎበዝ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ቀላል መሆኑ ነው የሚያበግናት። ዛሬ ጠዋት የድሮው ማስተላለፊያ ጣቢያ ተዘጋ፣ በወረቀት፣ በፊርማ፣ በማህተም፣ አዲሱ ከተከፈተ ወር አልፎታል፣ ባትሪ ገና ያልገባላቸው ሠላሳ ዘጠኙ ክሊኒኮች ጠፍተው ተነሱና ኮሽ ሳይል ወደ አዲሱ ዞሩ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ግን የምትልከውን ሁሉ አሁንም ወደ ተዘጋው ጣቢያ ትወረውራለች፣ ማንም ወደማይቀበልበት። እዚያ ክሊኒክ ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ሆዷ ላይ የታሰረው መሣሪያ የፅንሱን የልብ ምት ይስላል፣ ሥዕሉ በመስመር መጥቶ እዚህ ከተማ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ፊት መድረስ አለበት፣ እሱ አይቶ ወይ እዚያው ትውለድ ይላል ወይ አሁኑኑ ጭናችሁ አምጧት፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ጎርባጣ ነው፣ ለሙከራ ተብሎ የሚጫኑበት መንገድ አይደለም። በስልክ ይንገሩት እንዳይባል ሐኪሙ ሥዕሉን በዓይኔ ካላየሁ አልወስንም ብሏል፣ ፎቶ አንስተው ይላኩ እንዳይባል የዚያ አካባቢ ስልክ ድምፅና አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያደርሰው፣ እሱንም እያነከሰ። ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ይገባል። አሁን አምስት ሰዓት ከሃያ ነው።

እና እዚያ መሣሪያው አጠገብ ቆማ ላክ የሚለውን ቁልፍ ደጋግማ የምትጫነው አዋላጅ፣ ከስንቱ አዋላጅ፣ ከስንቱ ክሊኒክ፣ የእሷው ታናሽ እህት ናት። አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል ያልመለሰችላት እህቷ።

ምን ደረስሽ፣ ይላል አንድ ድምፅ ከኋላዋ፣ ኃላፊው ነው፣ ቢሮው ሁሉ ቶሎ በሉ የሚለው፣ ለስብሰባውም ለሐዘኑም ቶሎ በሉ ስለሚል የወጣለት ስም ነው፣ እሱ ብቻ አያውቀውም። ዋናውን ሰርቨር አጥፍተሽ አታስነሽውም እንዴ፣ የኔ ቴሌቪዥን እንኳ እንደዚያ ነው የሚድነው። አለቃ፣ ዋናው ምንም አልሆነም፣ እሱን ባጠፋው ደህናዎቹን ሠላሳ ዘጠኝ ይዞ ነው የሚወድቀው፣ ለሃያ ደቂቃ፣ የታመመችው ያቺኛዋ ናት። እሺ፣ ብቻ ቶሎ በይ። ቶሎ በይ ይላል፣ እኔ ደግሞ ለሽርሽር የተቀመጥኩ መስሎታል። ጫማው እየተንቋቋ ይሄዳል፣ ስድስት እርምጃ ይርቅና ይመለሳል፣ የሚያንቋቋ ጫማ የሚሸጥ ሰው ፈጣሪ ይፍረድበት።

ረጋ በይ። ከመጀመሪያው። ከርነሉ፣ የማሽኑ እምብርት፣ ምን ያደርጋል፣ አንድ መልእክት ሊወጣ ሲል በየት በኩል ልላከው ብሎ ትልቁን የመንገድ ሰንጠረዥ ያያል፣ ሰንጠረዡ ረጅም ነው፣ ለእያንዳንዱ መልእክት ከላይ እስከ ታች ቢያስሰው ሥራ አይገፋም፣ ስለዚህ አንዴ ያገኘውን መልስ ትንሽ ማስታወሻ ላይ ይጽፋል፣ ካሽ እንለዋለን፣ ለሚቀጥለው መልእክት ሰንጠረዡን ሳይከፍት ከማስታወሻው አንብቦ ይልካል፣ ማስታወሻ ደግሞ ያረጃል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጣቢያ ይፈርሳል፣ ለዚህ ነው ዕድሜ የሚሰጠው፣ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላው ይሰረዝና ከርነሉ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሰንጠረዡን ዳግም ያያል። የሳጥኗ ሰንጠረዥ ልክ ነው፣ አዲሱ ጣቢያ ተጽፎበታል፣ ትናንት በዓይኗ አይታዋለች። የድሮውን ሙጭጭ ብሎ የቀረው ማስታወሻው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ጊዜ መሰረዝ ነበረበት። ገብታ በእጇ እንዳትሰርዘው፣ ለመግባት ሳጥኗ መመለስ አለባት፣ መልሷ ደግሞ በተዘጋው መንገድ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ከውስጥ የተቆለፈ ቤት፣ ቁልፉም ውስጥ።

ይሄ የጋሼ መነጽር ሥራ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም፣ ይሄን ኮድ የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ያስተማሯት ሰውዬ፣ አንዱን መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በሌላው መነጽር የሚፈልጉት፣ አሁን ጡረታ ወጥተው አትክልታቸውን ውሃ እያጠጡ ይሆናል፣ እኔ እዚህ ልንጨርጨር። ልጄ፣ ይሏት ነበር፣ ዕድሜውን ከተጻፈበት ሰዓት ቁጠሪ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ሠራተኛ ቢሆን ሲያረጅ አሰናብቺው፣ እኔንም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉኝ፣ ብለው ይስቁ ነበር። እንዲያ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው እንግዲህ ይሄን ጣጣ ትተውላት የሄዱት። የት አለ፣ ፋይሉ የት አለ፣ ትከፍተዋለች፣ ወደታች፣ ወደታች፣ ማጥፊያው ይሄ ነው፣ ዕድሜ መቁጠሪያው ይሄ ነው፣ እና ከእሱ በላይ፣ ማስታወሻው በሚነበብበት ቦታ፣ አንዲት መስመር።

ማስታወሻው በተነበበ ቁጥር ዕድሜው ከዜሮ ይጀምር።

ምን ማለት ነው። በተነበበ ቁጥር። እንግዲያ የሚጠይቀው ሰው እስካለ ድረስ አያረጅም ማለት ነዋ፣ የሞተ መንገድ ይሁን የዳነ፣ ደጋግሞ የጠየቀው ካለ ሁልጊዜ የዛሬ ልጅ ነው። ማነው ይሄን የጻፈው፣ ጋሼ መነጽር እንኳ አይሆኑም፣ የትኛው ደንቆሮ ነው ሊሞት የሚገባውን ነገር ዘለዓለም እንዲኖር ያደረገው፣ ዛሬ ስሙን ሳላውቅ ውሃ አልጠጣም፣ የጸሐፊውን ስም የሚያወጣውን ትእዛዝ ትጽፋለች፣ ትጫናለች።

የራሷ ስም ነው።

ስሟ፣ ከስሟ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከቀኑ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ፣ ቀን መቁጠሪያ ማየት አያስፈልጋትም፣ ያንን ቀን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትናገረዋለች። አይ። አይ፣ አይሆንም።

ያን ቀን መስመሩ ሁሉ በየአምስት ደቂቃው ይቆረጥ ነበር፣ ሐኪም ከክሊኒክ እያወራ ቁርጥ፣ ሥዕል መሀል ላይ ቁርጥ፣ መንገዱ ሥራ ላይ እያለ ዕድሜው ሞላ ተብሎ ይሰረዝና ቀጣዩ እስኪገኝ ሁሉም ይንገዳገዳል፣ ቶሎ በሉ ከኋላዋ ቆሞ ቶሎ በይ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ፣ እህቷ ከሆስፒታል፣ እታለም፣ አባባ እየጠየቀሽ ነው፣ ነይ፣ እሺ እሺ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ፣ መጣሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ፣ እታለም የት ደረስሽ፣ አምስት ደቂቃ አልኩሽ እኮ፣ ከዚያ በኋላ ሲጮህ አላነሳችም፣ እጇ ኮዱ ላይ ነበር፣ ልታገኘው ነበር፣ አሁን አገኘሁት እያለች ነበር፣ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ያቺን መስመር ጨመረች፣ ሥራ ላይ ያለ መንገድ አይሰረዝ፣ በተነበበ ቁጥር ይታደስ፣ ሳትፈትሸው፣ በጥድፊያ፣ ግማሽ ዓይኗን በር በሩን እያየች፣ መቆራረጡ ቀጥ አለ። አጨበጨቡላት። ቶሎ በሉ ሳይቀር አጨበጨበ። አስር ሰዓት ላይ ሆስፒታል ስትደርስ አንሶላው ፊቱ ላይ ነበር፣ አባባ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ላይ አርፏል፣ መስመሯን ስትጽፍ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ነበር፣ እህቷ በሩ ላይ ቆማለች፣ አታለቅስም፣ አለቀ አምስት ደቂቃሽ፣ አለቻት። ሌላ ምንም አላለቻትም። ከዚያ ወዲህም ሌላ ቃል የለም።

ለዚች መስመር ነው እንግዲህ። አባቴን በዚች መስመር ለወጥኩት፣ መስመሯም ስህተት ሆና ተገኘች። ለትክክለኛ ነገር እንኳ ቢሆን። ለትክክለኛ ነገር ቢሆን ምን ሊሆን ኖሯል፣ ዝም በይ ወዲያ።

በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መልእክት ትልክላታለች፣ ይቅር በዪኝ እህቴ፣ ያው ሦስት ቃል፣ አንድም ቀን አላቋረጠችም፣ መቶ ሃያ ምናምን ጊዜ፣ እንደደረሳት የሚያሳየው ምልክት ይመጣል፣ መልስ የለም፣ ተልኳል፣ መልስ የለም። ከእህቷ ጋር የምትኖረው እማማ ተዪያት እስቲ ትላለች፣ ልጄ፣ ትንሽ ተዪያት፣ ጠዋት ጠዋት እያስታወስሻት እኮ ነው፣ መልእክትሽ በመጣ ቁጥር ፊቷ ያን ቀን የነበረውን ይሆናል። እንዴት ነው የምተዋት እማማ፣ ካልጠየቅኳት የረሳሁት አይመስላትም፣ ካልጠየቅኳት በምን…

አስር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት፣ ጥያቄ ተልኳል።

ቆይ።

በጠራኋት ቁጥር ሳጥኗ ልትመልስልኝ ትሞክራለች። ጥሪዬስ ይደርሳታል፣ በአዲሱ መንገድ፣ የሚጠፋው የእሷ መልስ ነው። ልትመልስልኝ ስትል ወደ እኛ የሚወስደውን መንገድ ከማስታወሻዋ ታነባለች። ስታነበው ይታደሳል። በየሰከንዱ። ዳነች ወይ እያልኩ በየሰከንዱ ስጠይቃት በየሰከንዱ በሽታዋን እንደ አዲስ እየጀመርኩላት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ እግዚኦ፣ ዝም ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ትድን ነበር።

ሁለት ቁልፍ ተጭና ጥቁሩን መስኮት ታቆመዋለች። ጸጥ። አምስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። ሌላ ማን ይጠይቃታል፣ ማን ይነካታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ፣ የቶሎ በሉ ሰሌዳ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየመራ የሚያሳየው፣ አርባ መብራት፣ ሠላሳ ዘጠኙ አረንጓዴ አንዱ ቀይ፣ በየአስር ሰከንዱ አርባውንም አላችሁ ወይ እያለ የሚጠራ። አለቃ፣ ሰሌዳውን ላጥፋው ነው። ምን፣ እንዴት፣ ካላየሁት መዳኑን በምን አውቃለሁ። ካላዩት ነው የሚድነው። ትቀልጃለሽ እንዴ በዚህ ሰዓት። አልቀልድም አለቃ፣ እያየነው ነው ያላዳነው፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ እንደፈለጉ ይዩት። አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ ሶኬቱን ስትነቅለው ልብሱን እንደገፈፈችው ሰው ያያታል፣ ግድግዳው ጥቁር ይሆናል።

ሁለቱ ቆሙ። የቀረው ሦስተኛው ነው። ላክ የሚለውን ቁልፍ የምትጫነው ጣት፣ መሣሪያውም ራሱ በየሠላሳ ሰከንዱ ይሞክራል፣ ጠዋት በጥገና ሠራተኛው በኩል እንዳታቆሙ፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ ብላ ያስነገረችውም እሷ ናት። አሁን ደውላ አቁሚ ማለት አለባት። ሌላ ሰው ይደውል። ቶሎ በሉ ይደውል። ቶሎ በሉ ይሄን ለማስረዳት እስከ ማታ ይፈጅበታል። ደውይ እንግዲህ፣ ምን ይገትርሻል፣ ሴትየዋ ምጥ ላይ ናት አንቺ ኩርፊያ ትቆጥሪያለሽ።

ይጠራል። ይጠራል። ሃሎ፣ ማዋለጃ ክፍል፣ ማን ልበል። እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ትላለች እህቷ፣ ድምጿ ደረቅ ነው፣ ልትዘጋው ነው። ስለ ሥራው ነው የደወልኩት፣ ስለ መስመሩ፣ አትዝጊው፣ መላኪያውን አጥፊው፣ መሣሪያው ልብ ምቱን መሳሉን ይቀጥል፣ መላኩን ብቻ አቁሚው፣ ምንም አትንኪ፣ ማንም ምንም አይንካ፣ መንገዱ ካልተነካ ራሱ ይጠፋና አዲሱን ያገኛል። ለስንት ጊዜ።

ለስንት ጊዜ ትላለች። ልመልስ እንዴ። ሌላ ቁጥር ባገኝ፣ ስድስት ብል፣ ሰባት ብል፣ ጥቂት ታገሺ ብል፣ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ኮዱ ውስጥ የተጻፈው እሱ ነው።

አምስት ደቂቃ።

ከዚያኛው ጫፍ ሴትየዋ ስታቃስት ይሰማል። እህቷ ትዘጋዋለች፣ አሁን ትዘጋዋለች፣ ብትዘጋው አልፈርድባትም። አምስት ደቂቃ፣ ትላለች እህቷ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደ መራራ ኪኒን አፏ ውስጥ እያገላበጠች፣ አንቺ ነሽ አምስት ደቂቃ የምትዪኝ። አዎ። ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል ታውቂያለሽ። አውቃለሁ። የፅንሱ ልብ ምት ከቅድም ጀምሮ ዝቅ ከፍ እያለ ነው፣ ለብቻዬ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። አውቃለሁ፣ ያን ቀን አላወቅኩም፣ አሁን አውቃለሁ። አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ጠቅ። አጥፍቼዋለሁ፣ ትላለች እህቷ። አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት።

ስልኩን አልዘጋችውም። ሁለቱም አልዘጉትም። ወዲያ ማዶ እህቷ አይዞሽ እናቴ ትላለች፣ ለእሷ አይደለም፣ ለምጧ ሴት ነው፣ ተንፍሺ፣ እንደሱ፣ ጎበዝ፣ የአባባ አነጋገር ነው፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ መጨረሻው ላይ ዝቅ ማድረግ፣ መቼ ነው የሱን ድምፅ የወረሰችው፣ ድሮም እንደዚያ ነበረች ወይስ እሱ ሲሄድ ነው፣ እኔ ምን የሱ ነገር ተረፈኝ። ሠላሳ ዘጠኝ። እጇ ሳታዘው ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል፣ አንዴ ብቻ ልይ፣ አንዴ ብትጠይቅ ምን ይሆናል፣ አንዴ ከጠየቀች እንደገና ከዜሮ ነው፣ እጇን መቀመጫዋ ሥር አድርጋ ትቀመጥበታለች። አርባ። አርባ አንድ። ልሞክረው እንዴ፣ ትላለች እህቷ። ቆዪ። ዝቅ ብሏል እኮ። ቆዪ እህቴ፣ እለምንሻለሁ፣ ትንሽ ናት የቀረችው። ቶሎ በሉ ጫማውን እያንቋቋ መጥቶ ሶኬቱን ያነሳል፣ እስቲ አንዴ ልየው፣ ይተዉት፣ ትለዋለች፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራው አታውቅም፣ እሱም ተነግሮት አያውቅም መሰለኝ፣ ሶኬቱን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል። አርባ ሁለት። ኮዱ ውስጥ ሌላ ያላየሁት ነገር ቢኖርስ፣ ያን ቀን ሌላም ነገር በጥድፊያ ነክቼ ቢሆንስ፣ ዛሬም ቃሌን በልቼ ብገኝስ፣ ያኔ እንኳን አራት ወር ዕድሜ ልኬንም አይበቃኝ። አርባ ሦስት። ሠላሳ ሰከንድ ትጨምራለች፣ ለጥንቃቄ፣ እያንዳንዷን በከንፈሯ ትቆጥራለች።

አሁን። አንዴ ብቻ ተጫኚ።

ጠቅ።

ምንም። ከዚያ የእህቷ ትንፋሽ። ከዚያ፣ ደርሷል ይላል፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ደርሷል ይላል። ቆዪኝ። የስልኩ እጀታ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማል፣ ከሌላ ስልክ ከሐኪሙ ጋር ታወራለች፣ አዎ ዶክተር፣ አዎ፣ እሺ፣ በግራ ጎኗ፣ እሺ፣ ጊዜው አይታወቅም፣ እሷ ሰዓቱን አላየችም፣ እጇ አሁንም መቀመጫዋ ሥር ነው፣ ደንዝዟል። እህቷ ትመለሳለች። አይቶታል፣ ልጁ ደህና ነው፣ በግራ ጎኗ አስተኝተሽ እዚያው ታዋልጂያታለሽ ብሏል፣ መጫን አያስፈልጋትም። ተመስገን። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ ትላለች እህቷ። አምስት ከግማሽ፣ ግማሿን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እንደ ሳቅ ያለ ነገር ይሰማታል፣ ሳቅ ላይሆን ይችላል፣ መስመሩ ያነክሳል።

ስሚ፣ ትላለች እህቷ፣ ነገ ጠዋት ያቺን መልእክትሽን አትላኪ። ከነገ ወዲያም። ስችል እኔ እደውላለሁ። ስልኩ ይዘጋል።

እታለም አላለችም። ይሁን። እደውላለሁ ብላለች፣ ስችል ብላለች፣ መቼ አላለችም፣ ይሁን። ቶሎ በሉ ሰሌዳውን ሰክቶ አርባ አረንጓዴ መብራት ሲያይ ሊያጨበጭብ ሁለት እጁን ያነሳል፣ ፊቷን ያይና ወደ ኪሱ ይከታቸዋል። እሷ ወደ ኮዱ ትመለሳለች፣ መስመሯን ትሰርዛለች፣ ዕድሜው ከተጻፈበት ሰዓት ይቆጠር፣ ጋሼ መነጽር እንዳሉት፣ ሥራ ላይ ያለ መንገድ እንዳይንገዳገድ አዲሱ ሳይገኝ አሮጌው አይጣል፣ ይሄኛውን ትፈትሸዋለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ቶሎ በሉ ቶሎ በይ አይላትም። ማሽኑ የለውጡን ምክንያት ጻፊ ይላታል። ቸኩዬ ነበር፣ ብላ ትጽፋለች።

ከዚያ እጇ ስልኳ ላይ ነው። አመሰግናለሁ ብቻ፣ ይቅርታ አይደለም እኮ፣ አመሰግናለሁ ማለት ምን አለው፣ አመ ብላ ጽፋለች፣ ሁለቱን ፊደል ትሰርዛቸዋለች፣ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ታስገባለች፣ ትቆልፈዋለች፣ ቁልፉን ለቶሎ በሉ ትዘረጋለታለች። ምንድነው ይሄ። አለቃ፣ ከመሥሪያ ቤት እስክወጣ ድረስ ይያዙልኝ፣ ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።